የመሳይ ሠላሳ አንድ ካርዶች

ጅማ፣ ቦሳ አዲስ
ኅዳር 7 ቀን 1990 ዓ.ም.

ጋሼ መሳይ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። አባባና እማማም አጋሮ ደህና ናቸው። የቡና ለቀማ ተጀምሯል፤ አባባ ግን ዘንድሮ ወደ ማሳው አልወጣም። ሳልጽፍልህ ስለቆየሁ ይቅርታ አድርግልኝ። «በሰው አትላክብኝ፣ ጻፍ» ትለኝ የነበረውን አልረሳሁም። አንተን ቀብረን ከተመለስን ሦስት ወር ሊሞላ ነው፤ የምጽፍበት አድራሻ ስለሌለኝ ይህንን የሒሳብ መጽሐፌ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

ጽሑፋቸውን እንዲልኩልህ ለፈረንጆቹ ለጻፍካቸው ካርዶች መልስ የሆኑት ፖስታዎችህ መድረስ ጀምረዋል። እስካሁን ሰባት ሆነዋል። በሁሉም ላይ የተጻፈው «ዶክተር ሽበሺ» ነው። ፈረንጆች የአባትን ስም የሰውዬው ስም ያደርጉታል ብለህ ነግረኸኝ ስለነበር አልገረመኝም። አንዱን አጋሮ ወስጄ ለአባባ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየውና «ከሁለታችን ማንን ነው ዶክተር ያሉት?» አለኝ። «ሁለታችሁንም» አልኩት። ሲመልስልኝ በሁለት እጁ ይዞ ነው።

ሰባተኛው የመጣው ከጀርመን ነው። ያ ጽሑፍ ነው፣ ጋሼ። አምስት ሰዎች እየጠቀሱት አንዳቸውም አላዩትም ያልከኝ። ከፈትኩት፣ ገጾቹን ቆጠርኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። እንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ እሞክረው ነበር።

ሥራህ ምን እንደሆነ የክፍል ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ አንተ ያሳየኸኝን ነው የምነግራቸው። አጋሮ፣ አባባ ጀንፈሉን ያሰጣበት አልጋ አጠገብ ቆመን ጠጠር ወረወርክና «ስንት ፍሬ ዘለለ? ቁጠር» አልከኝ። ሦስት አልኩህ። «የዘለሉት ጠጠሩ የመታቸው ናቸው?» አልከኝ። አልነበሩም። የተመታው ፍሬ ወደ ውስጥ ገብቶ ጎረቤቱን ገፋ፤ ጎረቤቱም ሌላውን፤ የዘለለው ምንም ያልነካው፣ ከላይ ተቀምጦ የነበረው ነው። «ጠጠሩ አዮን ነው፤ ቡናው መዳብ ነው፤ እኔ የምፈልገው አንድ አዮን ስንት አተም እንደሚያስወጣ ነው» አልከኝ። ከዚያ ጠጠሩን አጋድመህ ስትወረውር ስድስት ዘለለ። እማማ መጥታ «ሰው ወንድ ልጅ የሚወልደው ቡናውን እንዲሰበስብለት ነበር» እስክትለን ድረስ ስንወረውር ቆየን።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልግባ። ጀማለዲን ጻፈልኝ። ሰማያዊውን ሣጥን ይፈልጋል። ሰንጠረዡን፣ የመጡትን ጽሑፎች፣ ደብተርህን፣ ሁሉንም። የትምህርት ክፍሉ መመረቂያ ጽሑፍህን በስምህ የሚቀበለው እስከ ጥር 30 ተሟልቶ ከቀረበ ብቻ ነው፣ ካለፈ ፋይሉ ይዘጋል ይላል። «እንጨርሰዋለን» ብሎ ጽፏል። እነማን ናቸው የሚጨርሱት?

እሱም ያንተው አማካሪ ዘንድ ነው፤ እሱም ስለ አዮን ነው የሚጽፈው፤ እሱም አልጨረሰም። በቀብርህ ቀን ከአባባ በላይ ያለቀሰው እሱ ነበር። ያን ጊዜ ደግነት መስሎኝ ነበር። ከመስከረም ወዲህ ግን አከራያችን አዴ ሐጂራ አንድ ነገር ነግረውኛል። እኛ አጋሮ ለቅሶ ላይ ሳለን፣ በጳጉሜ፣ አንድ ሰው መጥቶ የክፍላችንን ቁልፍ ጠይቋቸዋል።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?» አልኳቸው።

«ቀጭን ነው፣ መነጽር አለው። ጓደኛው ነኝ አለኝ። አልሰጠሁትም፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ።»

«ስሙን አልነገረዎትም?»

«ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን የማየው ጫማውን ነበር። ያን ሁሉ ጭቃ ተሸክሞ የጠረግኩት በረንዳ ላይ ሲቆም ስሙን ልሰማው ነው?»

ጀማለዲን ቀጭን ነው፤ መነጽርም አለው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው አጋሮ ነው የሚሄደው እንጂ ባለቤት የሌለበት ቤት ቁልፍ አይጠይቅም።

የሚለው እውነት ከሆነ ዝም በማለቴ ስምህ ይጠፋል። ውሸት ከሆነ ደግሞ በመስጠቴ ይጠፋል። ካልጋህ በላይ የለጠፍከውን «ያላየኸውን አትጥቀስ» የሚለውን ወረቀት እያየሁ ነው የምጽፍልህ።

ካርዶቹ ለምን ዘግይተው መልስ እንዳመጡ የማውቀው ነገር አለ። ዛሬ አልጽፈውም።

ታናሽ ወንድምህ
ልዑል


ጅማ
ኅዳር 9 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለአቶ ጀማለዲን ሀቢቡላህ
አዲስ አበባ

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በጥቅምት 28 የጻፉት ደብዳቤ ደርሶኛል። ስለ ትምህርቴ ለጠየቁኝ፣ ደህና ነው፤ አስራ አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ፤ በፊዚክስ ከክፍሌ ሦስተኛ ነኝ። ስለ ወላጆቼ ለጠየቁኝ፣ ደህና ናቸው። ስለ ሣጥን ለጠየቁኝ፣ በቤታችን ሣጥን ብዙ ስለሆነ የትኛውን ማለትዎ እንደሆነ አልገባኝም። ከውጭ አገር የመጣ ፖስታ ስለመኖሩ ለጠየቁኝ፣ ለወንድሜ የሚመጣውን ሁሉ የምቀበለው እኔ ነኝ፤ ከዚህ የበለጠ ለመናገር አልችልም።

እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። በጳጉሜ ወር ቦሳ አዲስ መጥተው ነበር ወይስ አልመጡም?

ከአክብሮት ጋር
ልዑል ሽበሺ


አዲስ አበባ
ኅዳር 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ውድ ልዑል፣

አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንዲሁም ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤህን ስከፍት ከቀበሌ የተላከ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። «እርስዎ» የሚለውን ሳነብ ጢሜን ዳሰስኩት። እናንተ ቤት ባደርኩ ቁጥር «አንተ ጀማል፣ እግርህን ሰብስብ» ብለህ ከፍራሹ ጫፍ ስትገፋኝ የነበርከው ልጅ ነህ ወይስ ሌላ ልዑል አለ?

መጠርጠርህ አላስቀየመኝም። በመሳይ ቦታ ብሆን ወንድሜ እንዲጠረጥር እፈልግ ነበር።

ባትጠይቀኝም የምትጠረጥረውን በተራ ልመልስ። አማካሪያችን ስለ መሳይ ያሉትን ከራሳቸው አፍ ነው የሰማሁት፤ በጽሑፍ ስጡኝ ብላቸው «እኔ ልሞት ነው እንዴ?» አሉኝ፤ ስለዚህ ወረቀት ልልክልህ አልችልም። የኔ ሥራ ወርቅ ላይ ነው፤ የሱ መዳብ ላይ። ወርቅ ያለው ሰው መዳብ አይሰርቅም ብዬ ልቀልድብህ አስቤ ነበር፣ ተውኩት። የሱ ሒሳብ እዚህ እኔ ጋ አለ፤ ሙሉ ነው። የሚጎድለው ሌሎች ሰዎች ለክተው ያተሙት ውጤት ነው። ሒሳቡ ትክክል መሆኑን የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው። እዚህ አገር የሚለካበት መሣሪያ የለንም። ስለዚህ የኛ ላቦራቶሪ ፖስታ ቤት ነው፣ መሳይ እንደሚለው።

ሣጥኑን በእኔ እጅ ማስቀመጥ ካልፈለግክ አትላከው። ሰንጠረዡን ብቻ በእጅህ ገልብጠህ ላክልኝ። የጸሐፊው ስም፣ የመጽሔቱ ስም፣ ዓመት፣ ጥራዝ፣ ገጽ፣ ቁጥሩ። ከዚያ እያንዳንዱን እዚህ ቤተ መጻሕፍት ፈልጌ አያለሁ።

ስለ ጳጉሜ የጠየቅከኝን ግን ፊት ለፊት ስንገናኝ ብመልስልህ ይሻለኛል። ይቅርታ።

ጀማል


ጅማ
ኅዳር 28 ቀን 1990 ዓ.ም.

ጋሼ፣

አየህ? ሁሉን በተራ መለሰና ጳጉሜ ላይ ሲደርስ ዘለላት። አዴ ሐጂራ ደብዳቤውን ሳነብላቸው «ሌባ ቢሆን አልመጣሁም ይል ነበር» አሉ። እኔ ግን ሌባ የሚዋሸው በተጠየቀ ቁጥር ሳይሆን በሚጠቅመው ጊዜ ነው ብዬ አስባለሁ።

አንድ ነገር አድርጌያለሁ፤ አትቆጣኝ። ሰንጠረዡን ገልብጬ ላክሁለት። ሃያ ሦስት ረድፍ ነው። ሃያ ሁለቱ ያንተ ናቸው። አስራ አራተኛውን እኔ ፈጠርኩት። ሁለት ጸሐፊዎች አወጣሁ፤ በእውነት የሚታተም መጽሔት ስም ሰጠኋቸው፤ 1971፣ ጥራዝ 12፣ ገጽ 304 አልኩ፤ አራት ነጥብ ሁለት የሚል ቁጥርም አስገባሁ። ከጎረቤቶቹ ረድፎች ጋር ስለሚስማማ ዓይን አይወጋም።

ይሄውልህ አሳቤ። ላንተ የሚደክም ሰው ከሆነ ይፈልገዋል፤ ያጣዋል፤ አጣሁት ይለኛል። ለራሱ የሚቸኩል ሰው ከሆነ ገልብጦ ያስገባዋል። ያን ጊዜ ለአማካሪያችሁ እጽፍና ረድፍ አስራ አራትን አሳዩኝ እላለሁ።

አስራ አምስተኛው ረድፍ አምስቱ ሰዎች ከጀርመኑ ጽሑፍ የጠቀሱት፣ ስድስት የሚለው ቁጥር ነው። የጀርመኑ ጽሑፍ መድረሱን አልነገርኩትም። መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ጎንበስ ስል እየተንሿሿ መምህሩ «ሽበሺ፣ ባንክ ቤት ከፈትክ እንዴ?» ይለኛል።

ልዑል


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 16 ቀን 1990 ዓ.ም.

ውድ ልዑል፣

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ፤ ስትጨርሰው ምክንያቱን ራስህ ታውቀዋለህ።

ሰንጠረዡ ደርሶኛል። ሃያ አንዱን ረድፍ አግኝቻለሁ። አንዳንዱን በጽሑፉ፣ አንዳንዱን ዓመታዊው የማጠቃለያ ጥራዝ ላይ። የሩሲያዎቹን ሁለቱን እዚያ የተማሩ አንድ ሽማግሌ መምህር ቆመው አነበቡልኝ፤ መሳይ ነጥብ አልሳተም።

ረድፍ አስራ አራት አሳበደኝ። የ1971 ጥራዝ 12ን አወረድኩ። ገጽ 288 ላይ ያልቃል። የቤተ መጻሕፍቷን ሠራተኛ ሔራንን «304 የት ሄደ?» አልኳት። «ከመጽሐፉ ውጭ ነዋ፤ ውጣና ግቢው ውስጥ ፈልገው» አለችኝ። ሥራ ላይ የምትስቅ ሴት አይደለችም። እኔ ደግሞ መሳይ አይሳሳትም ብዬ አመንኩና ዓመቱ ሲገለበጥ ተሳስቶ ይሆናል አልኩ። 1970ን አየሁ፤ 1972ን አየሁ። ጥራዝ 21 ይሆን ብዬ እሱንም። ከዚያ በጸሐፊዎቹ ስም የማጠቃለያ ጥራዞቹን ከ1965 ጀምሬ ወረድኩ። አራት ቀን ነው የፈጀብኝ። ሔራን በአራተኛው ቀን ምሳዋን አካፈለችኝ፤ ከዚህ በላይ የሚያሳፍር ነገር የለም።

ዛሬ ጠዋት ጥርሴን እየፋቅኩ ሳለሁ ስሞቹን ለራሴ ስደጋግም፣ ብራውንና ግሪን፣ ብራውንና ግሪን… ወላሂ መፋቂያዬ ከአፌ ወደቀ። የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ። ሚስተር ብራውን ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ሚስተር ግሪን ጎረቤቱ ነው። እኔም እኮ ጅማ ነው የተማርኩት፤ ያው መጽሐፍ ነው።

አልተቆጣሁም። ብቻዬን ሳቅኩ፤ ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

አስራ አራትን ሰርዣለሁ። አስራ አምስትን ደግሞ ባዶ ትቼዋለሁ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ ስድስት ነው፤ አምስት ጽሑፍ ላይ አይቼዋለሁ። ዋናውን ግን አላየሁትም፤ እዚህ አገር የለም። የወንድምህን ሕግ በወንድምህ ጽሑፍ ላይ አላፈርስም። ባዶ ሆኖ ከቀረበ ግን ይቀበሉታል ብዬ ልዋሽህ አልችልም። ሒሳቡ ሦስት ነው የሚለው፤ የታተመው ስድስት ነው። መምህራኑ የሚጠይቁት ያንኑ ነው። የቀረን አርባ አራት ቀን ነው።

ጀማል


ጅማ
ታኅሣሥ 22 ቀን 1990 ዓ.ም.

ጀማል፣

አንተ እያልኩ ልጻፍልህ። ይቅርታ አድርግልኝ። ለሔራንም ይቅርታ ጠይቅልኝ፤ ምሳዋንም እንዳልረሳሁት ንገራት።

ይህንን ደብዳቤ ከሰማያዊው ሣጥን ጋር የሚያደርስልህ ቡና የሚጭነው የአባባ ወዳጅ ነው። ሁሉም አለበት። ደብተሩ፣ ጽሑፎቹ፣ የመጡት ፖስታዎች። ከላይ ያለው የጀርመኑ ነው፤ ረድፍ አስራ አምስት። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ እኔ ጋ ነበር። የደበቅኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልመከረኝም። በጽሑፉ ላይ የኛው ካርድ በሽቦ ተይዟል፤ ላኪው ነው የመለሰው፤ እንዳለ ትቼዋለሁ።

ሹፌሩ ሰኮሩ ሲደርስ እንዳይቆም ለምኜዋለሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

የምትሰርቅ ሰው ብትሆን አራት ቀን አትፈልግም ነበር፤ ይህን አምኛለሁ። ጳጉሜን ግን አሁንም አላመንኩም። ፊት ለፊት አትበለኝ፤ መቼ እንደምንገናኝ አናውቅም። ጻፍልኝ።

ልዑል


አዲስ አበባ
ጥር 12 ቀን 1990 ዓ.ም.

ውድ ልዑል፣

ገናን እንዴት አሳለፋችሁ? ለጋሽ ሽበሺና ለእትዬ ቆንጂት ሰላምታዬን አድርስልኝ።

መጀመሪያ መልካሙን። የጀርመኑን ጽሑፍ አማካሪያችን ራሳቸው አነበቡት። ስድስቱ ቁጥር እውነት ነው፤ ግን የተለካው አዮኑ ተጋድሞ ሲመታ ነው፣ በስድሳ ዲግሪ። ቀጥ ብሎ ሲመታ የተለካውም እዚያው ሰንጠረዥ ውስጥ አለ፤ ሦስት ነጥብ አንድ ይላል። አንዱ ሰው ማዕዘኑን ሳይጽፍ ቁጥሩን ብቻ ገለበጠ፤ አራቱ ከሱ ገለበጡ። የመሳይ ሒሳብ ትክክል ነበር። አማካሪያችን መነጽራቸውን አውልቀው «ይህ ልጅ ሳያየው ነው የጠረጠረው?» አሉኝ። አዎን አልኳቸው። ጽሑፉ አሁን በታይፕ ላይ ነው፤ በስሙ ይገባል፣ ኢንሻአላህ ከጥር 30 በፊት።

ላኪው ጸሐፊው አይደለም። አጭር ማስታወሻ አለው፤ ጸሐፊው ከሦስት ዓመት በፊት ሞተዋል፤ የቀድሞ ረዳታቸው ነው መሳቢያቸው ውስጥ የቀረውን የመጨረሻ ቅጂ የላከው። «ለዶክተር ሽበሺ ሥራ መልካም ዕድል» ይላል።

አሁን ጳጉሜን። የመጣሁት እኔ ነኝ።

ነሐሴ 5 ለመሳይ ደብዳቤ ጽፌለት ነበር። «የምትፈልገው ጥራዝ ተገኝቷል፤ ፈጥነህ ና» ብዬ። አልተገኘም ነበር፣ ልዑል። ሔራን «ምናልባት ምድር ቤት ካለው ክምር ውስጥ ይኖር ይሆናል» ነበር ያለችኝ። እኔ ምናልባትን ዘለልኩት። ለካርዶቹ መልስ አጥቶ ክረምቱን ሙሉ ተስፋ ቆርጦ ስለነበር ደስ ይበለው ብዬ ነው። ያላየሁትን አየሁ አልኩት። እሱም አመነኝና ነሐሴ 14 አውቶቡስ ተሳፈረ። መናኸሪያ ቆሜ ስጠብቀው ዋልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቃለህ።

ከቀብሩ በኋላ በጳጉሜ ዳግም ለለቅሶ ስመጣ ያ ደብዳቤ ክፍላችሁ ውስጥ መኖሩን አሰብኩ። አባትህ ያነቡታል ብዬ ፈራሁ። አጋሮ ከመድረሴ በፊት ቦሳ አዲስ ገብቼ ቁልፍ ለመንኩ፤ ሴትዮዋ ጫማዬን አይተው መለሱኝ። ደብዳቤዬን አሁን ከሣጥኑ ግርጌ አገኘሁት። ልቀደው ነበር፤ አልቀደድኩትም። ይኸው ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። የወንድምህ ነው፤ ያንተ ነው። ለአባትህ ለማሳየትና ላለማሳየት አንተ ወስን።

አንድ ጥያቄ ደግሞ እኔ ልጠይቅህ፤ መመለስ ካልፈለግክ ተወው። በጀርመኑ ጽሑፍ ላይ በሽቦ የተያዘው ካርድ መሳይ በታይፕ የጻፈው ነው፤ ቀኑ በኛ ሐምሌ 2 ይሆናል። የጅማ ፖስታ ቤት ማኅተም ግን መስከረም 23 ነው። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። ያን ጊዜ መሳይ ከሞተ አርባ ቀን አልፎታል።

ጀማል


ጅማ፣ ቦሳ አዲስ
የካቲት 5 ቀን 1990 ዓ.ም.

ጋሼ መሳይ፣

እንደምን ከረምክ? ጽሑፍህ ተቀባይነት አግኝቷል። ጀማል ጥቁር ሽፋን ያለውን አንድ ቅጂ ልኮልናል፤ በወርቃማ ፊደል ስምህና የአባባ ስም ተጽፎበታል። አባባ ሳሎን አላስቀመጠውም፤ የቤቱ ካርታና ደረሰኞች ያሉበት ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። እማማ በቀን አንድ ጊዜ ታስከፍተዋለች።

የጀማልን የነሐሴ ደብዳቤ አነበብኩት። ለአባባ አላሳየሁትም። ግን ልንገርህ፤ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ሳነበው ደስ አለኝ። አንድ ሙሉ ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ሌላ ሰው አለ፣ እሱ ነው የጠራህ አልኩ። በማግስቱ ግን ደብዳቤውን እንደገና አነበብኩት። እሱን የጠረጠርኩበት ምክንያት ሁሉ ትዝ አለኝና እየመዘንኩ ሳየው አንዱም የሱ አልነበረም። ሥራህን የሚደብቅ፣ የሚዋሽ፣ መልስ የሚዘል፣ መሳቢያ የሚቆልፍ ሰው ማን ነበር?

ትናንት ለጀማል ሁሉን ጻፍሁለት። ላንተም ይኸው።

ሐምሌ 2 ሠላሳ አንድ ካርድ ሰጥተኸኝ «ዛሬውኑ ፖስታ ቤት አድርሳቸው» አልከኝ። ከአወቱ መንደራ ሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ነበረን። ጨርሼ ስደርስ ፖስታ ቤቱ ተዘግቷል። ካርዶቹን የሒሳብ መጽሐፌ ውስጥ አስገባኋቸው። ማታ «ላክሃቸው?» አልከኝ፤ አዎ አልኩህ። ነገ እልካቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ ነገ ዘነበ።

ከዚያ በየሳምንቱ ዓርብ ፖስታ ቤት፣ ኦቦ ኑሪ ጋ እየሄድክ ባዶ እጅህን ትመለስ ጀመር። «ፈረንጆቹ ሳይጠረጥሩኝ አልቀሩም፤ ጅማ የሚባል ቦታ መኖሩን አያምኑም» ብለህ ትስቅ ነበር። ሥራ ስላልነበረህ ትሪጎኖሜትሪ አስተማርከኝ። አብረን አጋሮ ወረድን። ጣራውን ጠገንን። ይህን ጥናት ከጨረስክ ውጭ አገር ልትሄድ እንደምትችል ሰምቼ ነበር። ካርዶቹ ካልሄዱ አንተም እንደማትሄድ ገባኝ። ሁለት ጊዜ ይዣቸው እስከ ፖስታ ቤቱ በር ደርሼ ተመልሻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ አልዘነበም።

መልስ ስታጣ ራስህ ልትፈልግ አዲስ አበባ ሄድክ። አውቶቡሱ ሰኮሩ ላይ ተገልብጦ ከዚያ አላለፍክም።

ጀማል እኔ ነኝ ይላል። እኔ ደግሞ እኔ ነኝ እላለሁ። ያኔ ጠጠሩን ስትወረውር የትኛው ፍሬ የትኛውን እንደገፋ ለማየት ዓይኔን ብተክልም አልቻልኩም ነበር፤ አንተም አልቻልክም። «ለዚህ ነው የወጣውን ብቻ የምንቆጥረው» ነበር ያልከኝ።

ስለ ማኅተሙ ጀማል ለጠየቀኝ የመለስኩለት እንዲህ ብዬ ነው።

አርባህን አውጥተን መስከረም 22 ማታ ከአጋሮ ብቻዬን ተመለስኩ። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቃሁ። በዚያ ሰዓት ብርድ ልብሴን ስበህ የምትጥልብኝ አንተ ነበርክ፤ ማንም አልሳበውም፤ ራሴ ስቤ ጣልኩት። ሻይ አፈላሁ። ሳላስብ በሁለት ብርጭቆ ቀዳሁ፤ ሁለቱንም ጠጣሁ። ዩኒፎርሜን ለበስኩ፤ ካርዶቹን ከሒሳብ መጽሐፌ አወጣኋቸው። አዴ ሐጂራ በረንዳውን እየጠረጉ «ትምህርት ቤት በዚያ በኩል ነው እንዴ?» አሉኝ፤ ዛሬ በዚህ ነው አልኳቸው።

ፖስታ ቤቱ አልተከፈተም ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ኦቦ ኑሪ መጥቶ ሲከፍት «አካም ቡልቴ?» ብሎ እንዴት እንዳደርኩ ጠየቀኝ። «ነጋ»፣ ደህና አልኩት። ካርዶቹን መስኮቱ ላይ ደረደርኳቸው። አንዱን አንስቶ አነበበና «የመሳይ ናቸው። ክረምቱን ሙሉ መልስ ሲጠብቅ አልነበር? አሁን ደግሞ ሌላ ጻፈ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«ዓርብ ዓርብ ይመጣ ነበር። ዛሬም ዓርብ ነው፤ ምነው ራሱ አልመጣም?»

«ሥራ በዝቶበት ነው» አልኩት።

«በርታ በለው» አለና ማኅተሙን ቀለም አስነክቶ መምታት ጀመረ። መስኮቱን ይዤ ቆሜ ቆጠርኩለት፤ ሠላሳ አንድ።

ልዑል